ሐዲድ ላይ ሰላምታ የለም

ቦርደዴ አካባቢ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። ደህና ነህ ወይ ብሎ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ስለ ራስህ ትጠየቃለህ፣ ከዚያ ስለ ቤትህ፣ ስለ ልጆችህ፣ ስለ ግመሎችህ፣ ስለ ዝናቡ፣ ባለፈው አሞህ ስለነበረው ጉልበትህ። አንተም ሁሉንም በየተራው «ነገያ» እያልክ ትመልሳለህ፣ ሰላም ነው ማለት ነው። ጉልበትህ አሁንም ቢያምህ ነገያ ነው። ከዚያ ተራው ያንተ ይሆንና አንተ ደግሞ ትጠይቃለህ። የቸኮለ ሰው እንኳ ቆሞ ነው የሚቸኩለው። ሰላምታ ጀምሮ እየሄደ የሚጨርስ ሰው ወይ ከተሜ ነው ወይ ጥጋበኛ ነው ይባላል። ቀነኒ ቢራቱ ለሥራ ከጭሮ ወደዚህ ቆላ ስትወርድ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱንም ተብላለች።

ሥራዋ ሰው በባቡር እንዳይሞት ማድረግ ነበር። በቅጥር ውሏ ላይ ስሙ ረዘም ያለና ያማረ ነው፤ ሲጠቃለል ግን ይኸው ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መመላለስ የጀመረ ሰሞን፣ 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ፣ ፊሽካ፣ ብርቱካንማ ሰደርያና ከጣቢያው ጋር የምትነጋገርበት ሬዲዮ ሰጥተው ከአንድ መሻገሪያ ላይ አቆሟት።

መሻገሪያው በሕግ የለም፣ በእግር ግን አለ። መስጊዱና የውሃው ቦኖ ከሐዲዱ ወዲህ፣ የከብት ገበያውና የሚኒባሱ መቆሚያ ከሐዲዱ ወዲያ ሆኑና ሕዝቡ አጥሩን ቀዶ በመሀል አለፈ። ከሐዲዱ ሥር ለእግረኛ ተብሎ የተሠራውን መተላለፊያ የመጀመሪያው ጎርፍ አሸዋ ሞልቶት ሄደ። አጥሩ በተጠገነ ቁጥር ተከፍቶ ያድራል። መሥመሩ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል።

የድሮውን ባቡር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አዲሱን አልወደዱትም። የድሮው ገና ከሩቅ እየጮኸና እያቃሰተ ስለሚመጣ ግመልህን አስነስተህ፣ ልጅህን ተጣርተህ፣ የረሳኸውን ዕቃ ተመልሰህ አንስተህ ለመሻገር ጊዜ ነበረህ። አዲሱ ሳይናገር ይመጣል። አጠገብህ ሲደርስ ነው መኖሩን የምታውቀው።

መጀመሪያ የሞተው መስዑድ የሚባል ጫት ጫኝ ነው። ጎበዝ፣ ጆሮውም ዓይኑም ጤነኛ፣ የሥራ ሰው። ባቡሩን ይነዳ የነበረው ኤልያቄም ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ፣ የሰጡትን ውሃ መጠጣት አቅቶት፣ ለቀነኒ እንዲህ አላት።

«ጥሩምባውን ነፋሁ፣ ደጋግሜ ነፋሁ። ሰውየው ግን ወደኔ አልዞረም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ማዶ እያየ ፈገግ ይላል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ከሰው ጋር የሚጫወት ነው የሚመስለው።»

«ማዶ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም፣ እህቴ። እኔ ከላይ ሆኜ ሁሉን አያለሁ። ማንም አልነበረም።»

ቀጥሎ አንዲት ወተት ሻጭ ሞተች። የወተት ዕቃዋን በእርጋታ ሐዲዱ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ከወዲህ ያሉት ሁሉ ጮኹላት። እሷም እንደ ጨዋ ሰው «አቤት?» ብላ ወደ ጩኸቱ ዞረች፤ ቆማ ነው የዞረችው። የዚያን ቀን ነጂው ሌላ ነበር። እሱም የተናገረው ኤልያቄም የተናገረውን ነው፤ ሁለቱ ተነጋግረው እንዳልሆነ ቀነኒ አጣርታለች።

ሦስተኛዋ ኩብራ ትሆን ነበር። ኩብራ ከመሻገሪያው አጠገብ በላስቲክ ዳስ ሥር ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ከገበያ የገዛቻትን ፍየል እየጎተተች ስትሻገር የሆነውን ለቀነኒ ስትነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ስሚኝ፣ ሰው ጠራኝ። ከማዶ። ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች ፊቱ አይታይም። ‹ኩብራ፣ ነገያ?› አለኝ። ነገያ አልኩት። ‹ቤቱስ?› ነገያ። ‹ልጆቹስ?› አለኝ። ቆሜ ነው እንግዲህ። ሰው እየጠየቀኝ ጥዬው ልሂድ? በዚህ መሀል ፍየሏ ገመዱን ይዛ በረረች። ወላሂ፣ ፍየል ሰላምታ ስለማታውቅ ነው በሕይወት ያለሁት። ተጎትቼ ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ ቀና ስል ባቡሩ በቆምኩበት ላይ ያልፋል።»

«ሰውየው ማን ነበር?»

«እኔ እንጃ። የማውቀው ድምፅ መስሎኝ ነበር። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ሳይ ማዶ ባዶ ነው።» ኩብራ ብርጭቆውን ደጋግማ አለቀለቀች። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ። ‹ልጆቹስ?› ብሎ ጠይቆኝ ሳልመልስለት ነው የቀረሁት። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።»

ቀነኒ አልሳቀችም። ኩብራ ጂን ነው አለች። ቀነኒ ወንጌላዊት ናት፤ ጂን የሚባል ነገር አልቀበልም ብላ የፀሐይ ነገር ነው አለች፣ ማታ ግን ከወትሮው ረዘም አድርጋ ጸለየች። በማግስቱ ድምፅ ማጉያ ይዛ ገበያ ወጣችና «እባካችሁ ከተሻገራችሁ በኋላ ሰላም ተባባሉ» እያለች አስተማረች። ሕዝቡ በሙሉ እሺ አለ። እሺ ብሎም፣ ከሐዲዱ መሀል ቆሞ፣ ድምፅዋ ስለ መዘጋቱ ጠየቃት።

ስለዚህ ኦቦ በክሪ ዘንድ ሄደች። ኦቦ በክሪ ብዙ ግመል ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲናገሩ ደግሞ ሰው ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሟትና በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ልጄ፣ ሰውን ሰላምታ አትመልስ ማለት አይቻልም። ሰው አይሆንማ። እንዲያቆየው ማድረግ ግን ይቻል ይሆናል።»

«እንዴት አድርጎ ያቆየዋል፣ ኦቦ በክሪ?»

«ምልክት እንስጠው። ዝም ያለ ሰው እንደናቀ የሚቆጠረው ምልክት ስለሌለው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ወሰኑ። ሐዲድ የረገጠ ሰው አፉን በእጁ ይይዛል፤ ሴት ከሆነች በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። ይህም ስድብ አይደለም። ሰላምታህ ከእኔ ዘንድ ነው፣ ተሻግሬ እመልስልሃለሁ ማለት ነው። ተሻጋሪው ሐዲዱን እንደጨረሰ ቀድሞ የመጠየቅ ግዴታ አለበት፣ ይህን የዘለለ ይወቀሳል። ደንቡ በመስጊድ ተነገረ፣ ቀነኒ በምትጸልይበት ቤት ተነገረ፣ በገበያ ተለፈፈ። መጀመሪያ ወጣቶቹ ተሳሳቁበት። ከዚያ ግን ነገሩ ያዘ። ትልቅ ትንሹ አፉን ይዞ ሲሻገር ለማያውቅ እንግዳ ያስፈራል፤ መንደሩ በሙሉ አንድ ነገር ሸትቶት የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሞት ግን ቆመ። ቀነኒ በሕይወቷ እንደዚያ የኮራችበት ጊዜ የለም፣ ለማን እንደምትነግረው ነበር የቸገራት።

ምክንያቱም የምትነግረው ሰው አባቷ ነበሩ፣ አባቷ ደግሞ ሰላምታዋን አይቀበሉም።

እናቷ ወይዘሮ ሎሚ የሞቱ ጊዜ ቀነኒ ገለምሶ ነበረች፣ በሌላ ሥራ። እናትሽ ታመዋል ብለው ደወሉላት። ነገ እመጣለሁ አለች፣ ሥራው አላልቅ ብሏት ነገን ወደ ሌላ ነገ ገፋችው፤ እናትየው ስሟን እየጠሩ አረፉ። የለቅሶው ድንኳን ስትደርስ አባቷ ፊታቸውን አዞሩ። አቶ ቢራቱ ጭሮ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የመርፌውን ክር በአፋቸው እንደያዙ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም የሚሉ፣ መኪና መንገድ መሀል ቆመው ጥሩምባ እየተነፋባቸው የሰው ቤተሰብ ደህንነት ጠይቀው የሚጨርሱ ሰው። እኒህ ሰው ናቸው የገዛ ልጃቸውን ዓመት ሙሉ ደህና ነሽ ያላሏት። ስልክ ስትደውል ለእህቷ ያቀብሏታል። ቀነኒ ይህን ለማንም አታወራም፤ ሌሊት ሌሊት ግን ያስለቅሳት ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ማዶ ያለው ነገር ዘዴውን ለወጠ። መልስ ሲያጣ ጊዜ የሰው ድምፅ መዋስ ጀመረ። ኩብራን ጅዳ ያለው ወንድሟ ጠራት። ኦቦ በክሪን ከሞቱ የቆዩት ሚስታቸው ጠሯቸው፣ ያቺ ቀይ ላም ወለደች ወይ ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ይዘው ተሻገሩ፣ ከተሻገሩም በኋላ ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ከአፋቸው አላነሱም።

«አንድ ነገር ልብ በይ» አሏት ቀነኒን፣ ዓይናቸው እንደቀላ። «ሁልጊዜ ከማዶ ነው የሚቆመው። እስከ ዛሬ ሐዲዱን ሲረግጥ ያየው የለም። አይችልም ወይም አይፈልግም። ብቻ አይረግጥም።»

የቀነኒም ተራ ደረሰ። አንድ ከሰዓት ባንዲራዋን ይዛ ቆማ ሳለ ከማዶ «ቀነኒዬ» አላት፣ በአባቷ ድምፅ። «ቀነኒዬ፣ ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» የሚያማትን ቦታ አውቆ ነው የነካት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ቆመች። ባዶው ማዶ ግን ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ በልታ እንደሁ፣ በሚገባ ጠየቃት። በሌላም ቀን መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁለተኛው በኋላ ቀነኒ ፈርታም ናፍቃም ትጠብቀው ጀመር። ይህንን ነው ከሁሉ ይልቅ የፈራችው።

አንድ ዕለት፣ ሐሙስ ነው፣ ገበያ ነው። ሬዲዮው ከሚኤሶ የዕቃ ባቡር ተነስቷል አላት። ወዲህ ያሉትን በቀይ ባንዲራ አቆመች፤ ኩብራ ፍየሏን ከዳሱ ቋሚ ጋር አሰረች። ፀሐይዋ ወደ ማዶ ዘንበል ብላለች። በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጥላ ሆኖ ቆመ።

«ቀነኒዬ!»

የአባቷ ድምፅ ነው። ቀነኒ አፏን ያዘች።

«ቀነኒዬ፣ እኔ ነኝ! ደህና ነሽ ወይ ልጄ?»

ዓይኗን ወደ ባንዲራዋ አዞረች። ዛሬስ አላለቅስልህም አለች በልቧ። ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ጠራት፣ መልስ ሲያጣ ያልሰማችው መስሎት፣ አጥሩን አልፎ ወደፊት መጣ። ጠጠሩ ከጫማው ሥር ተንሿሿ። በትሩ ብረቱን ሲነካ ቀጭን ድምፅ ሰጠ።

ሐዲዱን ረግጧል።

ቀነኒ ቀና ብላ አየች፤ በዚህ ሙቀት የጭሮን ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው የተጠቀለለ ነገር ይዘው፣ አቶ ቢራቱ ናቸው። ሥጋ ለባሹ አባቷ። ዓመት ሙሉ የነፈጓትን ሰላምታ ይዘው፣ ተራራ ወርደው፣ እሳቸው ቀድመው ሊጠይቋት መጥተዋል። ከበስተቀኝ፣ ከመታጠፊያው፣ የባቡሩ ግንባር ብቅ አለ።

አባ ብላ ልትጮህ እጇን ከአፏ አነሳች። የወተት ሻጯ «አቤት?» ትዝ አላት። የተጠራ ሰው መጀመሪያ ይቆማል፣ ቆይቶ ነው የሚሰማው። አባቷ ደግሞ የትም ቦታ ሰላምታ ጀምረው ሳይጨርሱ የተራመዱ ሰው አይደሉም። ብትመልስላቸው ከሁለቱ መሥመር መሀል ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ይቅርታ መጠየቅ ይጀምራሉ። ሮጣ ብትሄድላቸው እቅፋቸውን ዘርግተው ባሉበት ይጠብቋታል። ባንዲራ ብታውለበልብ ባርኔጣቸውን አንስተው ያውለበልቡላታል። የሚያመጣቸው ዝም ማለቷ ብቻ ነው።

እጇን መልሳ አፏ ላይ አድርጋ ለአባቷ ጀርባዋን ሰጠች። ሰጥታም መራመድ ጀመረች።

«ቀነኒ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ! ለአባትሽ ነው ጀርባ የምትሰጪው?» እግራቸው ፈጠነ፤ በትሩ ጠጠሩን ይመታል። ጥሩምባው ጮኸ። ኩብራ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ዓይኗን አፍጥጣ ቀርታለች። በጥሩምባው መሀል ሌላ ድምፅ አለ፤ ከማዶ፣ ቀስ ያለ፣ የሴት። ምን እንዳለ ቀነኒ አልሰማችም። የሰማችው የአባቷ እግር ሲቆም ነው።

መዞር አትችልም። ወደፊት የሚያራምዳቸው ቁጣቸው ብቻ እንደሆነ አወቀች፣ እሱም እየበረደ ነው። ቀነኒ በሕይወቷ ለማንም ያላደረገችውን ለአባቷ አደረገች። ሳትዞር፣ እንዲሰማ አድርጋ፣ መሬት ላይ ተፋች።

«ያሳደግኩት ይህንን ነው?» እያሉ ሮጡ። ነፋሱ መጣ፣ አቧራው መጣ፣ ባርኔጣቸው በራስዋ ላይ በርሮ አለፈ፣ በትራቸውም ትከሻዋ ላይ አረፈ። ቀነኒ እንደዚያ ደስ ያላት ምት የለም። ዞራ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች፤ ከኋላቸው ፉርጎው በፉርጎ ላይ እየተከተለ ያልፋል።

«አባ፣ ደህና ነዎት? ቤቱ ደህና ነው? እህቴ ደህና ናት? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ማቆም አልቻለችም። እንባዋ አፏ ውስጥ ይገባል።

አቶ ቢራቱ በትሩን እንዳነሱ ዞረው ባቡሩን አዩት፤ ገባቸው። ኩብራ ደግፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ሻይም ቀዳችላቸው። ሻዩን ያዙት እንጂ አልጠጡትም። የዕቃ ባቡሩ ረጅም ነበር። ኮንቴይነሮቹ ሲያልፉ በየመሀሉ ማዶው ብልጭ ይላል፣ እሳቸውም ብልጭ ባለ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ከኋላዬ ማን ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም አልነበረም፣ አባ።»

«ነበረች እንጂ። እናትሽ ነበረች። ‹ቢራቱ፣ ደህና ሰነበትክ ወይ?› አለችኝ፣ ከገበያ ስትመለስ እንደምትለው። ልዞር ስል አንቺ ተፋሽ። በአንቺ ተናድጄ ሳልመልስላት መጣሁ።»

ቀነኒ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የካፖርታቸውን እጅጌ ያዘች። የመጨረሻው ፉርጎ አለፈ። አጥሩና ፀሐይዋ ብቻ ቀሩ። አቶ ቢራቱ ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጠው ተነሱ።

«ብዙ አልቆይም» አሉ፣ ልጅ ሆና ሱቅ ሲሄዱ እንደሚነግሯት አድርገው። «አንድ ቃል ነው። ደህና ነኝ ልበላትና እመለሳለሁ።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፤ ከአዋሽ በኩል በሌላኛው መሥመር ባቡር እየመጣ ነው አለ። ቀነኒ ሁለተኛውን እጇንም ጨመረች።

«አይሆንም፣ አባ።»

«ልቀቂኝ።»

«አይሆንም።»

አባቷ አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «ያኔም አልደረስሽላትም» አሉ። «አሁን ደግሞ እኔን ትከለክይኛለሽ?»

ኩብራ ፊቷን አዞረች። ቀነኒ ጨርቁ እስኪተረተር ድረስ እጅጌውን ጨብጣ፣ አባቷ ሲለምኗት፣ ሁለተኛው ባቡር መጥቶ እስኪያልፍ አልለቀቀቻቸውም።